ሜክሲኮ የያዘው በር

የሰርግ በር ሲዘጋብኝ ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም። እንዲያውም ሥራዬ ይኸው ነበር ብል ይቀላል፤ በር እንዲዘጋብኝ እሄዳለሁ፣ ከዚያም በግጥም አስከፍታለሁ።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ ያልሆነልኝ ልጅ ነበርሁ። አንድ ሰሞን የሚኒባስ ረዳት፣ አንድ ሰሞን የሞባይል ካርድ ሻጭ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ቡሬ ሄጄ የበቆሎ ጆንያ ጫኝ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከአዝማሪውም፣ ከቆሎ ተማሪውም፣ ከጠላ ቤቱም እየለቃቀምሁ ያደግሁ ነኝ። ጓደኞቼ ሲያገቡ ግን ከመልከ መልካሞቹ በፊት እኔን ነበር ሚዜ የሚያደርጉኝ። ምክንያቱ በሩ ነው።

በሩን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ሙሽራው ሙሽራዪቱን ሊወስድ ከነሚዜዎቹ ሲመጣ የልጅቱ ወገን በር ይዞ «አናስገባም» ይላል። ጨዋታ ነው። መገፋፋት አለ፣ መሰዳደብ አለ፤ ስድቡ በግጥም ስለሆነ የሚቀየም የለም። እኛ ሰፈር ደግሞ የጨዋታው ማብቂያ የታወቀ ነው። ሚዜው በመጨረሻ የሙሽራዪቱን እናት ያወድሳል። እናትየዋ ከአጥሩ ውስጥ ሆና ትሰማለች፤ ልቧ ሲሞላ እልል ትላለች። የእናት እልልታ ከተሰማ በኋላ በር ይዞ የሚቆም ወንድ የለም።

እኔ አንድም እናት አምልጣኝ አታውቅም ነበር። እስከዚያ የጥር እሑድ ድረስ።

ሙሽራው ደሳለኝ ይባላል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ዝምተኛ፣ ሠርቶ አዳሪ፣ ክፉ ከአፉ የማይወጣ ልጅ ነው። ሙሽራዪቱ ስመኝ ትባላለች። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ የደህና ገበሬ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ሄደ፣ አባትየው ጋሼ መኰንን እሺ አሉ። ደሳለኝ ልጅቱን ያያት አክስቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው፤ አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል ሳትናገር ዋለች። «ጨዋ ልጅ ናት» ተባለ። እኛም ተባልን፣ አመንን።

በሁለት ሚኒባስ ሄድን። አስፋልቱን ለቀን ወደ ገጠሩ ስንገባ ማሳው ሁሉ ታጭዶ የበቆሎ አገዳ ብቻ ቀርቷል፤ አቧራው የደሳለኝን ጥቁር ሱፍ ግራጫ አደረገው። የእሱ አጎት ጋሼ ወርቁ ከፊት ወንበር ዞረው፣

«አንተ ባለ አፍ!» አሉኝ። «ሳይመሽ ፍኖተ ሰላም መግባት አለብን። መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። በሩ ላይ ቅኔ ማኅሌት እንዳትቆም።»

«ጋሼ፣ ጫማዎትን አራግፈው ሳይጨርሱ አስገባዎታለሁ» አልኋቸው።

ደረስን። የዛፍ አጥር፣ ሰፊ የእንጨት በር፤ ከውስጥ ዳሱ ይታያል፣ ከበሮው ይመታል። በሩ ላይ ሴቶችና ጎረምሶች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ደንደን ያለ፣ ሪዙ መሸበት የጀመረ ሰው ቆሟል። በኮቱ ሥር የነተበች አረንጓዴ ማሊያ ለብሷል። ማሊያዋን ሳይ ክው አልሁ።

«ሜክሲኮ አይደለም እንዴ?» አልሁት ደሳለኝን።

«ወንድሟ ነው። ታውቀዋለህ?»

እንዴት አላውቀውም! ትክክለኛ ስሙ አበጀ ነው፤ ግን በአበጀ የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት። በልጅነቱ ቡሬ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የዓለም ዋንጫ ሲያይ አንድ የሜክሲኮ ተከላካይ ልቡን ወሰደው። የሰውዬውን ስም ሁሉም እንዳፉ ስላጣመመው «ሜክሲኮው» ተብሎ ቀረ። አበጀም ከልባሽ ጨርቅ ተራ አረንጓዴ ማሊያ ገዝቶ ለበሰ፤ ስሙም ከማሊያዋ ጋር ተለጠፈበት። ሰውዬው ከክለብ ክለብ ሲዛወር፣ አምበል ሲሆን፣ ተጎድቶ ሲተኛና ተመልሶ ሲነሣ፣ ፀጉሩ ሸብቶም ሲሰለፍ ሁሉንም በሬዲዮ፣ በኋላም በስልኩ ተከታተለ። ሜክሲኮው ጫማውን በሰቀለበት ሰሞን የእኛውም ሜክሲኮ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ከቡሬ ቡድን ወጣና ወደ እርሻው ተመለሰ። «አብረን ጀመርን፣ አብረን ጨረስን» ይል ነበር፤ ባሕር ማዶ ያለው ሰውዬ ይህን አለማወቁ ቅንጣት ቅር ሳይለው።

ተማሪ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ሲጫወት አይቼዋለሁ። የእኛ ሁለት አጥቂዎች ኳሷን ይዘው ብቻውን አገኙት። ሕዝቡ «ግጠመው! ግጠመው!» ይላል። እሱ አልገጠመም። ወደኋላ ሄደ። ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ቀስ እያለ ወደኋላ። አጥቂዎቹ ሲያባብሉት፣ ሲያታልሉት፣ እሱ ሲሸሽ፣ የቡሬ ልጆች ከኋላ ደርሰው ኳሷን ወሰዱ። ከጨዋታው በኋላ አንዱ «ፈሪ!» ሲለው ውኃ እየጠጣ የመለሰለትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

«ሜክሲኮው ኳስ አይቀማም። ጊዜ ነው የሚቀማ። ብቻህን ስትቀር አትገጥምም፤ ወገንህ እስኪደርስ ታቆየዋለህ።»

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በር ይዞ የቆመው። ደስ አለኝ። ከበሮው ረገብ ሲል ጀመርሁ፦

«በሩን ክፈቱልን ሩቅ ነው መንገዱ፣
ሙሽራ ሳይዙ ሚዜዎች አይሄዱ!»

ከኋላዬ ጭብጨባ ሆነ። ሜክሲኮ ፊቱ ሳይለወጥ መለሰ፦

«አጥሩን ያጠርሁት እኔ፣ በሩን የሠራሁት፣
እንግዳ አይገባም እኔ ካልፈቀድሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ወደ ጉልበቱ ወረድሁ፦

«ሰውነትህ ከብዷል፣ ጉልበትህም ዝሏል፣
ተከላካይ ሲያረጅ ከበር ላይ ይውላል!»

የእኛ ጎረምሶች ዘለሉ። ጋሼ ወርቁ ሳይቀሩ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። ሜክሲኮ ግን ረጋ ብሎ፣ ሕዝቡ ስቆ እስኪጨርስ ጠብቆ፦

«አጥቂ ክረምት ከበጋ እየመጣ ሄደ፣
እስቲ ንገረኝማ፣ አጥሬን ማን ናደ?»

አበጀህ አልሁ በልቤ። ከዚያ ሚዜዎቹ መግፋት ጀመሩ። ጠንካራው ሚዜያችን በትከሻው ሲመጣበት ሜክሲኮ አልገፋውም፤ ጎኑን ብቻ ሰጠው። ልጁ በራሱ ጉልበት አልፎ ሄዶ አጥሩ ላይ ተሰካ። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ኧረ ቀስ በሉ፣ አጥሩ የአባቴ ነው!» እያለ ልብሳቸውን ያራግፍላቸዋል። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ፀሐይዋ ግን እያዘቀዘቀች ነበር። ጋሼ ወርቁ ጀርባዬን በከዘራ ነካ አደረጉኝ። ገባኝ። ለማብቂያው ያስቀመጥኋትን አወጣሁ። ከበሮው ጸጥ እንዲል እጄን አንሥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦

«ምንጩን ሳያመሰግን ውኃ የሚጠጣ፣
እንኳን ሙሽራዋን ጥላዋንም ይጣ!»

ከዚያች ግጥም በኋላ ጮቤ ያልረገጠ ሰርግ አላየሁም። የደሳለኝ ወገን በጉጉት ወደ ውስጥ አንጋጠጠ። እኔም እልልታውን ጠበቅሁ።

አልመጣም።

መጀመሪያ ያልሰሙ መሰለኝ። ከፍ አድርጌ ደገምሁት። ከበሮ መቺዋ ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። በሜክሲኮ ትከሻ በላይ አሻግሬ ሳይ እናትየዋ ዳሱ ደፍ ላይ ቆመዋል። የነጠላቸውን ጥለት አፋቸው ውስጥ ከትተው ነክሰውታል። እያዩኝ ነበር። እያዩኝ ዝም አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማየው ሁሉ ወግ ነበር። በር መዝጋቱ ወግ ነው። የሙሽራዋ ዝምታ ወግ ነው። እንደ ደረስን አንዲት ዘመዷ «ሙሽራዪቱ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች» ስትል ሁላችንም «ደግ ነው፣ የእናቷን ቤት ትወዳለች» ብለን ነበር፤ ሙሽራ ታለቅሳለችና። እልል የማትል የሙሽራ እናት ግን በየትኛውም ወግ ውስጥ የለችም።

ያን ጊዜ ወደ ሜክሲኮ እግር አየሁ። በር በጨዋታ የሚይዝ ሰው ሁለቱን እግሮቹን ገጥሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆም። ይህ ሰው ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ተረከዙን ከመሬት አንሥቶ ቆሟል። ዓይኑ ደግሞ እኛ ላይ አይደለም። በራሳችን ላይ አሻግሮ የመጣንበትን መንገድ ያያል።

ወገኑን እየጠበቀ ነው።

ቀረብ ብዬ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሜክሲኮ፣ ማን እስኪመጣ ነው?» አልሁት።

ላብ በግንባሩ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አደረገ።

«የክርስትና እናቷ ከፈረስ ቤት ከተማ እየመጡ ነው» አለኝ። «አባቴ ‹ታመዋል፣ መምጣት አይችሉም› ብሎ ሳይጠራቸው ቀረ። እኔ እዚያ ባለ ዲያቆን ስልክ ነገርኋቸው። ልጅቱ ፈተናውን አልፋለች። የካቲት ላይ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። አባቴን ለመንሁ፤ ‹ወንድም ይመክራል እንጂ አይድርም› አለኝ። እሳቸውን ግን እንቢ አይልም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ማን ጠየቃት?»

ወደ ደሳለኝ ተመለስሁ። ሱፉ ውስጥ በላብ ተጠምቋል።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ክፈተዋ!»

«ደሱ፣ ሰውዬው እየተጫወተ አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

ነገርሁት። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ዘመዶቼን ሁሉ ይዤ መጥቼ? አንተ የማን ሚዜ ነህ?» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«ያንተ። ለዚህ ነው የምነግርህ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናቷ እልል አላሉም።»

ይህን ስል የሙሽራዋን አበባ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በኋላ እንደነገረኝ እህቱ ስታገባ እናቱ እልል ብለው ብለው ሦስት ቀን ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር፤ እሱ በዚያች ቅጽበት ያንን ነበር የሚያስበው።

«እንግዲያውስ» አለ ወደ መሬት እያየ፣ «አጓትተው። ሴትዮዋ እስኪደርሱ። ከአፏ ልስማ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በሕይወቴ በዚያ ቀን እንደገጠምሁት የማይረባ ግጥም ገጥሜ አላውቅም። ስለ አጥሩ ገጠምሁ። አጥሩ ሥር ስለምትጭር ዶሮ ገጠምሁ። ስለፈነዳችው የሚኒባሳችን ጎማ ገጠምሁ፤ ጎማዋ አልፈነዳችም ነበር። ሜክሲኮ ነገሩ ገብቶት በእያንዳንዱ ላይ የባሰ ይመልስልኛል። ሁለታችን ሆነን ጊዜ ቀማን።

«ይህ ልጅ ምን ነካው?» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ጠላ ሳይቀመስ ነው እንዴ የሰከረ?»

«በሩ ጠንክሮበት ነው ጋሼ» አለ አንዱ ሚዜ።

«በሩማ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ደንዝዞ የቀረ የሱ ምላስ ነው!»

ስሜ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር፤ ከኋላዬ «ስመ ጥር የተባለው ይሄ ነው?» ይላሉ። ያም ሆኖ እኔም እንደ ሜክሲኮ አንገቴን አስግጌ መንገዱን ማየት ጀምሬያለሁ።

በመጨረሻ ከማሳው ማዶ አቧራ ተነሣ። አንዲት ባጃጅ እየተንገጫገጨች መጣች፤ በጎኗ መቋሚያ እንደ ጦር ወጥቷል። ቆመች። ቢጫ ቆብ ያደረጉ ቀጭን መነኩሴ፣ እማሆይ አስካለ፣ አቧራቸውን እያራገፉ ወረዱ። ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። በሩ ጋ ደርሰው ሜክሲኮን ቀና ብለው አዩት።

«እኔንም አናስገባም ልትሉ ነው?»

ሜክሲኮ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በሩን ለእሳቸው ብቻ ከፈተው። ደሳለኝ ከደጅ ሆኖ፣ «እማሆይ፣ እኔም ልስማ?» አላቸው። አዩት። «ሙሽራው ነህ? ና ግባ፤ ከሁሉም በፊት መስማት ያለብህ አንተ ነህ» አሉት። እኔም ሚዜው ነኝና ተከተልሁ።

ጋሼ መኰንን ከዳሱ ወጥተው መጡ። እማሆይን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ታመዋል ብዬ እኮ ነው እማሆይ።»

«ታምሜ ነበር። ድነዋል ብለህ ተቀበለኝ» አሉ እማሆይና ወንበር ሳይጠብቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ልጄን አምጡልኝ።»

ስመኝን አመጧት። ፊቷ ተከናንቧል። እማሆይ ክንብንቡን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ» አሉ፣ «ስትጠመቂ ካህኑ ሲጠይቁሽ አፍ አልነበረሽም። ስለ አንቺ ሆኜ የመለስሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አፍ አለሽ። እኔ አልመልስልሽም። ይህን ሰው ታገቢያለሽ?»

ከበሮው ዝም ብሏል። ስመኝ አንገቷን ደፋች። ያው ዝምታ፣ ያው የጨዋ ልጅ ዝምታ፣ ሁላችንም እሺ ብለን የተረጎምነው። እማሆይ ጠበቁ።  ረዘመ። ጋሼ መኰንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱን ጠልቼ አይደለም» አለች ስመኝ። ድምፅዋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «መማር ነው የምፈልገው።»

ጋሼ መኰንን በቁጣ ሳይሆን በድካም፣ «እማሆይ፣ ዘመኑን እያዩት» አሉ። «መንገዱን እያዩት። ሴት ልጅ ሰው አገር ሰድጄ እንዴት ልተኛ? ባል ይጠብቃታል ብዬ ነው።»

«ዘመኑንማ ማን ያልፈራው አለ» አሉ እማሆይ። «እኔም ከፈረስ ቤት እስከዚህ የመጣሁት እየፈራሁ ነው። መጣሁ እንጂ።»

ጋሼ መኰንን ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ደሳለኝን አዩ። ማፈራቸው ፊታቸው ላይ ነበር፤ ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቷል። ያን ጊዜ ደሳለኝ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ፣ አበባውን ለስመኝ እናት ሰጠና፣

«ጋሼ፣ እሷ እንቢ ካለች እኔም እሺ አልልም» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ግን ጠዋት ቁርስ አልበላንም» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ሜክሲኮ ነው። ከዚያ እማሆይ። ከዚያ ጋሼ መኰንን ራሳቸው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ትሂድ» አሉ። «ትማር። ምን እላለሁ እንግዲህ።»

እናትየዋ ጥለቱን ከአፋቸው አወጡ። እልልታው እንዲያ ነው የመጣ። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ነገር በአንድ ጊዜ ሲወጣ እንደዚያ ነው፤ ከደጅ የነበሩት ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ሜክሲኮ ወደ በሩ ሄዶ በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቡ!» አለ። «ተፈጽሟል፤ ግቡ ብሉ!»

ጋሼ ወርቁ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ያለ ሙሽራ የሚበላ ሰርግ! ይህንንም አየሁ!» እያሉ ገቡ፤ ከሁሉም ይልቅ የበሉ ግን እሳቸው ናቸው። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። ደሳለኝ ቡሬን እስክናልፍ በመስኮት ሲያይ ቆየ። ከፍቶታል፤ እንዴት አይከፋው። በኋላ ግን፣ «ብወስዳት ኖሮ» አለኝ፣ «ዝም ባለች ቁጥር እሺ ያለች ይመስለኝ ነበር።»

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ስመኝ ባሕር ዳር እየተማረች ነው። እኔም አሁን ግጥም እጽፋለሁ እንጂ ለማሸነፍ አልገጥምም። ድሮ ሰው ሲሰበሰብ ማን እንደሚያጨበጭብልኝ ነበር የማይ። ዛሬ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ዝም ወዳለው ሰው ነው። እናንተም፣ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ ወጉ እየሄደ ነው ስትሉ፣ እልል ሊል ሲገባው ዝም ያለ ሰው እንዳለ አንዴ ዞራችሁ እዩ። ቢዘገይም አይጎዳም። ሜክሲኮ እንዳለው፣ ወገን እስኪደርስ ማቆየት ሽሽት አይደለም።

ደሳለኝ ባለፈው ዓመት አገባ። የወደደችውን፣ የወደዳትን፣ ወገቧን ይዛ ዋጋ የምትከራከረውን የፍኖተ ሰላም ነጋዴ። እኔ ሚዜው ነበርሁ፤ ሁለተኛው ሚዜ ደግሞ ሜክሲኮ፣ በዚያችው ማሊያ። በሩ ላይ የሴቶቹን ሰልፍ ሲያይ ግራ ገባው። ጎኑን ሰጠ፣ ወደኋላ አፈገፈገ፣ ልጃገረዶቹም እያሳደዱ ሚኒባሱ ድረስ መለሱት።

«ግፋ እንጂ!» አልሁት።

«አጥቂነት ተጫውቼ አላውቅም!» አለኝ እያለከለከ።

ስለዚህ እጄን አነሣሁ። ለእናትየዋ ያዘጋጀሁት አዲስ ግጥም ነበረኝ፤ ሳምንት ያሰብሁበት። የመጀመሪያውን ስንኝ አልሁ። ሁለተኛውን ልል አፌን ስከፍት ከውስጥ እልልታው ፈነዳ።

ያችን ሁለተኛ ስንኝ እስከ ዛሬ ለማንም አላልኋትም።